ካማኩራ ደርሶ መልስ፦ ከቶኪዮ ተነስቶ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶችን በአንድ ቀን ማየት

መጀመሪያ ጊዜ ካማኩራ ወደምትባለው ጥንታዊ የጃፓን ከተማ ስሄድ ወረቀት ላይ ዘጠኝ ቦታ ጽፌ ነበር። ያየሁት ሦስት ነው። አንዱ ጋ ደግሞ የደረስኩት በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው። አርፍጄ ተነሳሁ፣ ባቡር ተሳሳትኩ፣ ሕዝቡ ሁሉ የሚወርድበት ጣቢያ ወረድኩና ስጋፋ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። አሁን ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ካማኩራ አንድ ጣቢያ ሲቀራችሁ ውረዱ፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ በእግራችሁ ሂዱ፣ ከስድስት ቦታ በላይ አትመኙ። የቀረው ዝርዝር ነው።

ለምን ካማኩራ?

ለጥንታዊ ቤተ መቅደስ ኪዮቶን ሁሉም ያውቃል። ግን ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር በሺንካንሰን እንኳ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ቲኬቱም ኪስ ያራቁታል። ካማኩራ በተራ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዋጋውም ለአንድ ጉዞ 1000 የን አካባቢ።

ታሪኳም ቀላል አይደለም። ሚናሞቶ ኖ ዮሪቶሞ የሚባል የጦር አለቃ ተቀናቃኞቹን አሸንፎ በ1192 ሾጉን፣ ማለትም የጦር ገዥ፣ ተባለ (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መቀመጫው ካማኩራ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ኪዮቶ ተቀምጧል፣ ሥልጣኑ ግን እዚህ ነው። በዘመነ መሳፍንት ንጉሡ ጎንደር ሆኖ ሥልጣኑ ደብረ ታቦር በየጁ ራሶች እጅ እንደነበረው ማለት ነው። ከተማዋ በሦስት በኩል በተራራ፣ በአንድ በኩል በባሕር የተከበበች ናት። ጦረኛ የመረጣት ቦታ መሆኗ ያስታውቃል። ያ መንግሥት በ1333 ወደቀ፤ ቤተ መቅደሶቹ ግን ቀሩ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ቀኑን ምረጡ። ቅዳሜና እሑድ ካልተገደዳችሁ አትሂዱ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጥሩ ነው። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ ጃፓኖች ተከታታይ በዓላት ስላሏቸው መንገዱ ሁሉ ሰው በሰው ይሆናል። ከጃንዋሪ 1 እስከ 3 ደግሞ ለአዲስ ዓመት ጸሎት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ነው የሚጎርፈው። ሰኔ ዝናባማ ነው፤ የካማኩራ ዝነኛ የሆነው ሰማያዊ የሃይድራንጃ አበባ የሚፈካው ግን ያኔ ነው። ለኔ ምርጡ ወቅት ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ቅጠሉ ቀይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ብርዱም ጃኬት ይበቃዋል።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ቶኪዮ ውስጥ በካርድ መክፈል የለመደ ሰው እዚህ ይቸገራል። የቤተ መቅደሶቹ መግቢያ ዋጋ ቀላል ነው። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ኤንጋኩጂ 500፣ ኬንቾጂ 500፣ ሀሴዴራ 400፣ ትልቁ ቡድሃ 300 የን ነበር። ሁሉም ተደምሮ 1700 የን ነው። በጉዞው ዋዜማ ዋጋውን አንድ ጊዜ አረጋግጡ። የ5 የን ሳንቲም ካገኛችሁ አትጨርሱት፤ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ቢጫው ነው። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ጫማችሁ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስንገባ ጫማ ማውለቅ ስለለመድን ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። የሚረሳው ካልሲው ነው! አውራ ጣቴ ወጥቶ በሚያብረቀርቅ የእንጨት ወለል ላይ የሄድኩበትን ቀን አልረሳውም።

ባቡሩ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

ሱይካ ወይም ፓስሞ የሚባለው ገንዘብ የሚሞላበት የባቡር ካርድ ካላችሁ ቲኬት መግዛት አያስፈልግም። በሩ ላይ ነክታችሁ ትገባላችሁ፣ ስትወጡ ነክታችሁ ትወጣላችሁ። 3000 የን ሙሉበት፤ ለደርሶ መልሱም፣ በኋላ ለምነግራችሁ ትንሽ ባቡርም ይተርፋል።

ከቶኪዮ ጣቢያ ከሆነ የዮኮሱካ መስመርን ያዙ። ሰማያዊና ክሬም ቀለም ያለው ነው። መሳፈሪያው በጣም ጥልቅ ነው፤ ከመሬት በታች ወርዳችሁ፣ ወርዳችሁ፣ አሁንም ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ከባቡሩ ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ጣቢያው ግቡ።

ከሺንጁኩ ከሆነ ሾናን ሺንጁኩ የሚባለው መስመር አለ። ጉዱ እዚህ ነው። በዚህ መስመር ከሚሄዱት ባቡሮች ካማኩራ የሚያደርሷችሁ ወደ ዙሺ የሚሄዱት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ኦፉና ላይ ተለይተው ወደ ኦዳዋራ አቅጣጫ ይነጉዳሉ። እኔ የተሳሳትኩት ይህን ነው፤ ተኝቼ ነበር፣ ስነቃ ኦፉና አልፏል። እንዲህ ከሆናችሁ አትደንግጡ፤ ወደ ኦፉና ተመለሱና ወደ ዮኮሱካ መስመር ቀይሩ።

ሌላም አለ። መሐል ላይ ባለ ፎቅ ፉርጎዎች ታያላችሁ። ምቹ ናቸው፣ ተጨማሪ ክፍያ ግን አላቸው። ሳታውቁ ከተቀመጣችሁ ተቆጣጣሪዋ በፈገግታ መጥታ ታስከፍላችኋለች።

ከቶኪዮ ከጧቱ 1 ሰዓት ገደማ ተነሱ። የሰዓቱን ነገር እንነጋገር። እኔ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። በሩ ላይ 8:30 ካለ ከጧቱ 2፡30 ነው፤ 16:30 ካለ ከቀኑ 10፡30 ነው። ይህቺን ሂሳብ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያዙ፤ ጃፓን ውስጥ በር የሚዘጋው በሰዓቱ ነው።

መጀመሪያ ኤንጋኩጂ

የምትወርዱት ከካማኩራ በፊት ባለችው በኪታ ካማኩራ ነው። ትንሽ ጣቢያ ናት፤ ከባቡሩ የሚወርደውም ጥቂት ሰው ነው። ከጣቢያው ወጥታችሁ ሁለት ደቂቃ ሳትሄዱ የኤንጋኩጂ ደረጃ ፊታችሁ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የባቡሩ ሐዲድ የቤተ መቅደሱን ግቢ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። በ1889 ወደ ዮኮሱካ የባሕር ኃይል ወደብ መስመር ሲዘረጋ ሐዲዱ በኩሬውና በበሩ መሐል ገባ። ዛሬም ጸሎት ላይ ያለ ሰው የባቡር ድምፅ ይሰማል።

ኤንጋኩጂ የተሠራው በ1282 ነው። ያሠራው ሆጆ ቶኪሙኔ የሚባል ገዥ ነው። ሞንጎሎች በ1274 እና በ1281 በመርከብ መጥተው ጃፓንን ወግተው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ተመለሱ። ቶኪሙኔ ከድሉ በኋላ ይህን ቤተ መቅደስ ያሠራው በጦርነቱ ለሞቱት መታሰቢያ ነው፤ ለራሱ ወገን ብቻ ሳይሆን ለጠላት ሙታንም። ይህን ሳነብ ሕንጻውን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት።

ከዋናው በር ገብታችሁ ወደ ቀኝ የሚወጣ ረጅም ደረጃ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ያልፈዋል። እናንተ ውጡት። ላይ በ1301 የተሠራ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ያለው ደወል አለ፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ቅርስ ነው። ጧት ላይ ከዚያ ቆማችሁ ሸለቆውን ስታዩ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። እዚህ ቦታ ከአንድ ሰዓት በታች አትቆዩ።

ቶኬጂ፦ ሴቶች የሚሸሸጉበት

ሐዲዱን ተሻግራችሁ ጥቂት ደቂቃ ብትሄዱ ቶኬጂ አለች። ትንሽ ናት። የተመሠረተችው በ1285 ሲሆን መሥራቿ የቶኪሙኔ ባለቤት ናት፤ እሱ ሲሞት መንኩሳ ነው።

በዚያን ጊዜ ሚስቱን መፍታት የሚችለው ባል ብቻ ነበር። ባሏ ያስመረራት ሴት ግን እዚህ ሮጣ ከገባች ማንም አያወጣትም። የተወሰነ ዓመት ከቆየች ፍቺዋ ይጸድቅላታል። ባሏ ከደረሰባት ደግሞ ጫማዋን በበሩ ላይ አሻግራ ብትወረውር እንደገባች ይቆጠርላት ነበር ይባላል። እኛም አገር የተበደለ ወይም የተሳደደ ሰው ገዳም ገብቶ ይማፀን እንደነበር ለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እዚህ ግን መማፀኛው ለሴቶች ብቻ ነበር፤ ለስድስት መቶ ዓመት ያህል።

ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት በሩ ላይ ያለውን ምልክት እዩ።

ኬንቾጂ፦ ጫማ አውልቃችሁ የምትቀመጡበት

ከዚህ በዋናው መንገድ ሩብ ሰዓት ያህል ሂዱ። የእግረኛው መንገድ ጠባብ ነው፣ መኪናው ብዙ ነው፤ ልጆች ካሉ እጃቸውን ያዙ።

ኬንቾጂ የተመሠረተው በ1253 ነው። ከካማኩራ አምስት ታላላቅ የዜን (በተመስጦ ላይ ያተኮረ የቡድሃ እምነት ክፍል) ቤተ መቅደሶች የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። የመጀመሪያው አለቃ ከቻይና የመጣ መነኩሴ ነበር፤ ስሙን ጃፓኖች ራንኬ ዶርዩ ይሉታል። ግቢው ውስጥ ያሉት ጠማማ የጥድ ዘመዶች በዚያን ዘመን ከቻይና በመጣ ዘር እንደበቀሉ ይነገራል። 750 ዓመት ገደማ ናቸው። እዩአቸው፤ ሕንጻው ተቃጥሎ ተሠርቷል፣ እነሱ ግን ያው ናቸው።

ሁሉንም አዳራሽ አልፋችሁ መጨረሻ ላይ ሆጆ የሚባለው ቤት አለ። ጫማችሁን አውልቁና በረንዳውን ዞራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ኩሬና አትክልት ታገኛላችሁ። ተቀመጡ። ሌላ ሥራ የለም። እኔ አሥር ደቂቃ ብዬ አርባ ደቂቃ ተቀምጫለሁ።

ጉልበት ካላችሁ ከዚያ ኋላ ወደ ሀንሶቦ የሚወጣ ረጅም ደረጃ አለ። ላይ ረጅም አፍንጫና ክንፍ ያላቸው ቴንጉ የሚባሉ የተራራ መናፍስት ሐውልቶች ቆመዋል። ሰማዩ ከጠራ ፉጂ ተራራ ይታያል። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ቀኑ ገና ነው።

ቤተ መቅደስና ጂንጃ፦ ልዩነቱና ሥርዓቱ

እስካሁን ያየናቸው የቡድሃ ናቸው። ቀጥሎ የምንሄድበት የጃፓን ነባር እምነት የሆነው የሺንቶ ነው፤ እሱ ጂንጃ ይባላል። መለያው ቀላል ነው። ስሙ በ«ጂ» ወይም በ«ዴራ» የሚያልቅ የቡድሃ ነው። «ጂንጃ» ወይም «ጉ» ካለ የሺንቶ ነው። የጂንጃ በር ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ ያለው ቶሪ ነው።

ቶሪው ጋ ስትደርሱ ትንሽ እጅ ነሱ። መሐል መሐሉን አትሂዱ፤ መሐሉ የአምላኩ መንገድ ነው ይላሉ። በቀኝ ወይም በግራ ጠርዝ ሂዱ። የቤተ መቅደስ በር ላይ ደግሞ ደፉን አትርገጡ፣ ተሻገሩት።

ከመግቢያው አጠገብ ውኃ አለ። ጭልፋውን በቀኝ እጅ ይዛችሁ ግራ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከዚያ ቀኙን። ከዚያ በግራ መዳፍ ውኃ ይዛችሁ አፋችሁን ተጉመጥመጡ፤ ጭልፋውን ወደ አፍ አታስጠጉ። አሁን አሁን ብዙ ቦታ ጭልፋው ተነስቶ ከቀርከሃ የሚወርድ ውኃ ብቻ ነው ያለው። እሱም ያው ነው።

የሚጸልይ ሰው ጂንጃ ውስጥ ሳንቲም ይጥላል፣ ሁለት ጊዜ ያጎነብሳል፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፣ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ያጎነብሳል። በቡድሃ ቤተ መቅደስ ጭብጨባ የለም፤ እጅን አጋጥሞ ዝም ነው። ያቺ የ5 የን ሳንቲም እዚህ ትፈለጋለች። በጃፓንኛ «አምስት የን» እና «መልካም ግንኙነት» የሚሉት ቃላት ድምፃቸው አንድ ነው፤ «ጎኤን»። ስለዚህ ሰው እሷን መርጦ ይጥላል።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ»፣ «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ይህን ማድረግ አለብኝ ወይ?» የሚለኝ ብዙ ነው። የለባችሁም። ማንም አያስገድድም፣ ማንም አይታዘብም። ኮፍያ አውልቆ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ቆሞ ማየት በቂ አክብሮት ነው። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው።

ፁሩጋኦካ ሀቺማንጉ

ከኬንቾጂ ቁልቁል ሩብ ሰዓት ብትወርዱ ትደርሳላችሁ። መግቢያው ነጻ ነው። በጎን በኩል ስለሚያስገባችሁ ቀጥታ ወደ ላይ አትውጡ። መጀመሪያ ወደ ታች ዙሩና ከፊት ለፊት ተመልከቱት። ቦታው የተሠራው ከፊት እንዲታይ ነው።

ሀቺማን የጦረኞች አምላክ ነው፣ የሚናሞቶ ቤተሰብም ጠባቂ። ዮሪቶሞ በ1180 እዚህ ቦታ ላይ አዛወረው። ወደ ላይኛው አዳራሽ 61 ደረጃ አለ። ከደረጃው በስተግራ የአንድ ትልቅ ዛፍ ጉቶ ታያላችሁ። የጊንኮ ዛፍ ነው። በ1219 በበረዶ ቀን ሦስተኛው ሾጉን ሳኔቶሞ ከዚህ ደረጃ ሲወርድ የገዛ ወንድሙ ልጅ ገደለው። ገዳዩ ከዛፉ ጀርባ ተደብቆ ነበር ይባላል። የዮሪቶሞ ዘር ሾጉንነት በዚያው አበቃ። ዛፉ ደግሞ በመጋቢት 2010 በኃይለኛ ንፋስ ሌሊት ወደቀ። አሁን ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ አቆጥቁጧል፤ ጃፓኖች መጥተው ቆመው ያዩታል፣ እንደ ታመመ ዘመድ።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር። እስከ 1868 ድረስ ይህ ቦታ የሺንቶም የቡድሃም ነበር፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ነው የኖሩት። አዲሱ የሜጂ መንግሥት ለዩ ብሎ አዘዘ። የቡድሃው ሕንጻዎች ፈረሱ። «ይሄ የሺንቶ፣ ያ የቡድሃ» ብለን የምንለየው ነገር እንዲህ የጠራው በቅርብ ነው።

ምሳ

ከሀቺማንጉ ወደ ካማኩራ ጣቢያ ኮማቺ የሚባል የገበያ መንገድ አለ። ሰው ይበዛል። ከ6 ሰዓት በፊት ወይም ከ7፡30 በኋላ ብሉ፤ በመሐሉ ሰልፍ ነው። እየሄዱ መብላትን ከተማዋ አትወድም፤ ገዝታችሁ ሱቁ ፊት ቆማችሁ ጨርሱ። የቆሻሻ መጣያ ስለማታገኙ ፌስታል ያዙ።

ለጾመኛ መልካም ዜና፦ የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለውም፣ ሾጂን ሪዮሪ ይባላል። ከኬንቾጂ ወጣ የሚባለው ኬንቺን ጂሩ የአትክልትና የቶፉ ሾርባ ነው። ግን ተራ ምግብ ቤት ውስጥ መረቁ ብዙ ጊዜ በዓሣ ይሠራል፤ ዓሣ የማትበሉ ከሆነ «ዳሺው» ዓሣ አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሙስሊሞች ደግሞ ሚሪንና ሳኬ የሚባሉት አልኮሎች ወጥ ውስጥ እንደሚገቡ እወቁ። ከተጠራጠራችሁ ከቶኪዮ ይዛችሁ መምጣት ይሻላል።

ወደ ሀሴ

ከካማኩራ ጣቢያ ምዕራብ በር ኤኖደን የምትባል ትንሽ ባቡር አለች። ከ1902 ጀምሮ ትሠራለች፤ በሰዎች ጓሮ መሐል ነው የምታልፈው፣ የተሰጣ ልብስ በእጅ የሚነካ ይመስላል። ሦስተኛዋ ፌርማታ ሀሴ ናት። አምስት ደቂቃ። ሰልፉ ከረዘመ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ሀሴዴራን ቀድማችሁ እዩ፤ አብዛኛውን ዓመት የመጨረሻው መግቢያ 10፡30 ነው፣ የሚዘጋውም ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ነው። ውስጡ ከ9 ሜትር በላይ ቁመት ያላት፣ አሥራ አንድ ፊት ያላት የእንጨት ካኖን አለች። ካኖን የምሕረት ምሳሌ ናት። በአፈ ታሪክ በ721 አንድ መነኩሴ ከአንድ ዛፍ ሁለት ሐውልት አስቀረጸ፤ አንዱን ናራ አስቀመጠ፣ ሁለተኛውን ሰው የሚያድንበት ቦታ ይሂድ ብሎ ባሕር ላይ ለቀቀው። ከዓመታት በኋላ እዚህ ዳርቻ ደረሰ ይላሉ። አዳራሹ ውስጥ ፎቶ አይነሳም።

ስትወጡ በደረጃው ዳር ረድፍ በረድፍ የቆሙ ትንንሽ የድንጋይ ሐውልቶች ታያላችሁ። ጂዞ ይባላሉ። ሳይወለዱ ለቀሩ ወይም በሕፃንነት ለሞቱ ልጆች ወላጆች ያቆሟቸው ናቸው። ሰው ቆንጆ ብሎ ፎቶ ሲነሳባቸው አያለሁ። እኔ እዚያ ጋ ስልኬን ኪሴ እከታለሁ።

ከዚያ ሰባት ስምንት ደቂቃ ሄዳችሁ ትልቁ ቡድሃ ነው። ቤተ መቅደሱ ኮቶኩኢን ይባላል። ሐውልቱ በ1252 ተጀመረ፤ ነሐስ ነው፣ 11.3 ሜትር ቁመት፣ 121 ቶን ክብደት። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱን ማዕበል አፈረሰው፣ ተሠራ፣ እንደገና ፈረሰ፤ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሱናሚ ጠረገው ይባላል። ከዚያ በኋላ ማንም አልሠራለትም። አምስት መቶ ዓመት ዝናብና ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ ለኔ ውበቱ ይህ ነው። በ50 የን ሆዱ ውስጥ መግባት ይቻላል። ጨለማና ሙቀት ነው፣ ግን ነሐሱ በቁራጭ በቁራጭ ተደርቦ እንዴት እንደተቀለጠ መጋጠሚያው ይታያል። በጎን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ግዙፍ የገለባ ጫማም እዩ፤ ቡድሃው ተነስቶ መሄድ ቢፈልግ ተብሎ የተሠራ ነው።

ቀኑ ከተረፋችሁ

ከሀሴ ወደ ባሕሩ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። የዩይጋሃማ ዳርቻ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ደስ ይላል። ዳቦ ግን አታውጡ። የአዲስ አበባዋን ጭላት ከሥጋ ቤት በር የምታውቁ ሰዎች፣ ዘመዷ እዚህ ናት። ከጀርባ ነው የምትመጣው። እኔን ባቄላ ያለበት ዳቦ ከእጄ ወስዳ ትታኝ ሄደች፤ አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ሳቁና ከራሳቸው ግማሽ ሰጡኝ።

ለመመለስ ከዳርቻው ካማኩራ ጣቢያ በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ወደ ቶኪዮ የሚሄደው ባቡር እዚያ ላይ ገና ወንበር አለው፤ ዮኮሃማ ሲደርስ ይሞላል። ስለዚህ ካማኩራ ላይ ወንበር ካገኛችሁ፣ አዛውንት ወይም ነፍሰ ጡር ካልመጣ በቀር፣ ቶኪዮ ድረስ አትነሱ።